ሁለት ጣት ከፍ ያለ ኮፈን

ዝምተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ ጋራዡ ውስጥ ሰምቶት የሚያውቅ ሰው የለም። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ሊቀልዱበት ነው እንጂ፣ ጠዋት ቱታውን ሲያጠልቅ የጀመረውን ወሬ ማታ ሲያወልቀውም አይጨርሰውም፤ መኪና ሥር ተንጋሎ እንኳ ወሬው ከሥር እየወጣ ይሰማል። ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት ታክሲዋን ልትገዛ የመጣችውን መምህርት በዓይኑ ጠቅሶ ወደ አሮጌ ጎማዎቹ ክምር ሲወስዳትና አንገቱን ደፍቶ በሹክሹክታ ሲያናግራት፣ ባለታክሲው አንድ ነገር እንዳለ ገባው። ከተበላሸ ሚኒባስ ተነቅሎ ግድግዳ ሥር የተቀመጠ ወንበር ላይ ሆኖ የመኪናዋን ወረቀቶች እያስተካከለ ነበር። እጁ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ቀረና ጆሮውን ወደ ጎማዎቹ ጣል አደረገ።

«ሞተሯ ደህና ነው፤ ጎማዋም ገና ነው፤» ይላል ዝምተኛው። «ግን ልጅሽን ይዘሽባት የምትሄጂ ከሆነ አሁን እንዳለች አትውሰጃት። የሞተሩን ክዳን፣ ኮፈኑን፣ ከኋላ በኩል ከፍ አድርገውታል። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ ጭሱን እየተቀበለች ወደ ውስጥ ነው የምታስገባው። ጋቢና የተቀመጠ ሰው የራሷን ጭስ ሲጠጣ ይውላል።»

መምህርቷ ምን እንደመለሰች ባለታክሲው አልሰማም። «ጋቢና የተቀመጠ ሰው» የሚለው ላይ ነው የቀረው። ሌላ ሌላ ቀን በዚያች ታክሲ ጋቢና ከሹፌሩ ጎን ማንም ይቀመጥ ነበር፤ የቸኮለ ነጋዴም፣ ጫማው የጠበበው ሙሽራም። ማክሰኞና አርብ ጠዋት ግን ቦታው የአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሚስቱ። ሳንባዋ ታማ ለአራት ዓመት ሆስፒታል ያመላለሳት በዚያችው መኪና ነው። ከሞተች ሰባት ወር ሆኗታል፤ መኪናዋንም የሚሸጠው ያንን ባዶ ወንበር በቀኝ ዓይኑ ጥግ እያየ መንዳት ስላቃተው ነው።

ሹፌሮቹ ባለታክሲውን ጌጁ ይሉታል። መሪው ፊት ለፊት የሞተሩን ሙቀት የምታሳይ ትንሽ ጌጅ አለች፤ ሰውየው መንገዱን በአንድ ዓይኑ፣ የጌጇን መርፌ በሌላው እያየ ነው ሃያ ዓመት የነዳው። ተሳፋሪ ሲያወራው «እህ» እያለ ዓይኑ መርፌዋ ላይ ነው። ቀይ የለበሰች ሙሽራ በፊቱ ብታልፍ አያያትም ይሉታል፤ መርፌዋ ወደ ቀዩ አንድ ፀጉር ብትጠጋ ግን ከእንቅልፉም ቢሆን ይባንናል። የባሰበትም በምክንያት ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ትልቁ ዳገት ላይ አራት ሰው ጭኖ መንገድ ተዘግቶበት እንደቆመ ሞተሩ ፈላበትና፣ መኪናዋ ነጭ እንፋሎት እየተፋች መሀል መንገድ ቀረች። ከዳር የቆሙት ሹፌሮች ሳቁ። «ሻይ ደርሷል?» አሉት። እሱ ደግሞ መሳቂያ ከመሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው የሚመርጥ ሰው ነው።

ያን ሰሞን ሲያስብ ሰነበተ። ኮፈኑን በከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ፊቱን ይገርፈዋል። ሙቀት ወደ ላይ የሚወጣ ነገር ነው፤ እንግዲያውስ መውጫ ከሰጡት ይወጣል። በመስታወቱ በኩል ኮፈኑን የያዙትን ማጠፊያዎች ፈታና በየብሎኑ ሥር ሮንዴላ፣ እነዚያን ክብ ቀዳዳ ብረቶች፣ አራት አራት አድርጎ ደራረበ። የኮፈኑ ኋላ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አለ። ከሥሩ የነበረውንም ረጅም ጥቁር ጎማ ለዝናብ የተደረገ መስሎት ነቅሎ ጣለው። ከዚያ ወዲህ ወረፋ ላይ ቆማ መኪናዋ አንድ ቀን አልፈላችም። አንድም ቀን! በከፈተው ቀዳዳ ሙቀቱ እየተንቀለቀለ ሲወጣ በዓይን ይታያል። የሳቁበት ሹፌሮች አንድ በአንድ መጡ፤ «እስቲ እንዴት አድርገህ ነው?» ማለት ጀመሩ። እሱም አስፋልቱ ላይ በጠመኔ የሞተር ሥዕል ይሥላል፣ የነፋሱን መንገድ በቀስት ያሳያል፣ «እዚህ ይገባል፣ እዚህ ይሞቃል፣ እዚህ ይወጣል» ይላል። ይኼ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ማንም አንድ ነገር ጠይቆት አያውቅም ነበር። ለቅሶ ቤትም ሆነ ሰርግ ቤት አፉን ሲከፍት አጠገቡ ያለው ሰው ወደ ሌላው ዞሮ ያወራል። አሁን ግን የሚጠየቅ ሰው ሆነ፤ ደስ አለው፤ ደስታውም ያስታውቃል።

እና ዝምተኛው በሹክሹክታ የነካው ይህንን ነው። ሽማግሌው ባለታክሲ ወረቀቶቹን ወንበሩ ላይ ጥሎ ተነሣ።

«ምን አልክ አንተ?»

ዝምተኛው ደነገጠ። «ጋሼ፣ ለክፉ አይደለም...»

«ሰባት ዓመት አንድ ቀን አልፈላችም! ሹፌር ሁሉ ከእኔ ነው የተማረ። አንተ ዛሬ ተነሥተህ ጭስ ነው ትላለህ?»

«ይቆጡ፣ መብትዎ ነው፤» አለ ዝምተኛው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ግን በዓይንዎ ላሳይዎ። ክር ይኖርዎታል? ቀለል ያለ፣ የሱፍ ክር ቢሆን ጥሩ ነበር።»

ክርስ ነበረው። የዳሽቦርዱን ኪስ ከፈተና፣ ሚስቱ ሆስፒታል ተራዋን ስትጠብቅ የምትሠራበትን ግራጫ የሱፍ ክር ድብልብል አወጣ። ኪሮሿ እንደተሰካባት ነበረች። ሰባት ወር ሙሉ አይቶ እንዳላየ ሲዘጋው የከረመውን ኪስ ነው በንዴት የከፈተው። ዝምተኛው ከክሩ ላይ ጣት ጣት የሚያህል ስድስት ቦታ ቆረጠና በኮፈኑ የኋላ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ደረደረው። መምህርቷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማ ታያለች። ከዚያ ሁለቱ ወንዶች ገብተው ከጋራዡ ጀርባ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ነዱ።

መኪናዋ ፍጥነት ስትይዝ ክሮቹ አንድ ላይ ተጎንብሰው በኮፈኑ ሥር ገቡ። ወደ ውጭ የወጣ አንድ የለም።

«ያዩታል?» አለ ዝምተኛው። «ስትሮጥ ነፋሱ መስታወቱን መትቶ እዚህ ሥር ይከማችና በከፈቱለት በር ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በጉዞ ላይ ምንም አይጠቅምም፤ እንዲያውም ከፊት የሚገባውን አየር መውጫ ያሳጣዋል።»

«በጉዞ ላይ መቼ ፈላች? ስትቆም ነው እንጂ የምትፈላው!»

«እሺ፣ እንቁም።»

ዳር ይዘው ቆሙ። ሞተሩ እየሠራ ነው። ትንሽ እንደቆዩ ክሮቹ አንድ በአንድ ቀና አሉ፤ ከሥር በሚወጣው ሙቀት እየተርገበገቡ ወደ ላይ ቆሙ። ሽማግሌው መሪውን በመዳፉ መታ። «ይኸው! ወጣ! አልወጣም? ወጣ እኮ!»

«ወጥቷል ጋሼ። እዚህ ላይ ልክ ነዎት፤ ስትቆም ይቀዘቅዛል፣ አልዋሹም።» ዝምተኛው ድምፁን እንደገና ዝቅ አደረገ። «አሁን የአየር ማራገቢያውን ይክፈቱት።»

ከፈተው። ክሮቹ ትንሽ አመነቱና ወደ መስታወቱ ዘነበሉ። ስድስቱም አንገታቸውን አጥፈው በመስታወቱ ሥር ወዳለው ወንፊት መሳይ ቀዳዳ ጠቆሙ።

«ይቺ ቀዳዳ የጋቢናው አፍንጫ ናት፤» አለ ዝምተኛው። «ውስጥ ያለው ሰው የሚተነፍሰው በዚች ነው። ነቅለው የጣሉት ጎማ ለዝናብ አልነበረም፤ የሞተሩ አየር ከዚች እንዳይደርስ ነው ፋብሪካው ያደረገው። ሙቀት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የጭስ ማውጫው ሞተሩ ጋ ስንጥቅ አለው፣ ፀጉር የምታህል፤ የቆየች ናት። ዘይትም ይንጠባጠብበታል። እርስዎ አይሸትዎትም፤ አፍንጫዎ ለምዶታል።»

ጌጁ ማራገቢያውን አጠፋ። ክሮቹ ተመልሰው ቀና አሉ። እንደገና ከፈተው፤ እንደገና ዘነበሉ። አራት አምስት ጊዜ እንደዚህ አደረገ፤ ዝምተኛውም አላስቆመውም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ያለው የመኪና ወረፋ አንዳንድ ቀን አንድ ሰዓት ይፈጅ ነበር። ሞተሩን አያጠፋውም፤ ሚስቱን እንዳያፍናት ብሎ ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው ይከፍትላታል። መስኮት አይከፍትላትም። ንፋስ ይመታታል ብሎ ነው። የመኪናዋ መስኮቶች ማዞሪያ እጀታ ድሮ በየተሳፋሪው እየተሰበረ አስቸግሮት፣ አንዷን የቀረችውን በእሱ በር ኪስ ውስጥ አስቀምጦ ለጠየቀው ሰው ነበር የሚሰጣት። ሚስቱ አንድ ሁለቴ እጇን ዘርግታለታለች። «ደረትሽን ብርድ ሊመታሽ ነው፤ ተይ» ብሏታል። በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ አንዴ «ይሸታል» ብላው ነበር። «ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ነው» አላት። ከዚያ በኋላ ደግማ አላነሣችውም፤ እሱም የተወችው ሽታው ስለጠፋ መሰለው።

ጋራዥ ሲመለሱ ለመምህርቷ መልስ የሰጠው እሱ ራሱ ነው። «ይስተካከልልሽና ውሰጃት፤» አላት። «ልክ ነው ያለው። ልጅ እንደዚህ አይቀመጥባትም።» እሷም ሰውየው ፊት ላይ ያየችው ነገር አሳዝኗት ነው መሰለኝ፣ «እሺ አባቴ፤ አሥር ሰዓት ላይ ተማሪ ስንለቅ ትምህርት ቤቱ በር ያምጡልኝ» ብላ ሄደች።

ሮንዴላዎቹን በገዛ እጁ ፈታቸው። ዝገት ይዟቸው ስለነበር አንዱ መዳፉን ቆረጠው፤ አላሰረውም። ዝምተኛው ስንጥቁን በየደ፣ ከአሮጌ መኪና የተነቀለ የኮፈን ጎማ ፈልጎ በቦታው አስገባ፣ የሞተሩን ማቀዝቀዣ፣ ራዲያተሩንም አውርዶ ብርሃን ላይ አንጋጥጦ አየው። በስስ ስስ ብረቶቹ መሀል አቧራና የሞተ ነፍሳት እንደ ግድግዳ ጠጥሯል።

«ለካ ይቺ ናት!» አለ። «መፍላቷ ሁሉ ከዚህ ነው። በውሃ ብናጥባት ግማሽ ቀን አይፈጅም ነበር።»

ሽማግሌው ግማሽ ቀን የሚለውን ሰማ። ራዲያተሩ ሲታጠብ ቡናማው ውሃ በጫማው መሀል እየፈሰሰ አለፈ፤ እሱም እግሩን አላነሣም።

መጨረሻ ላይ ዝምተኛው ለመምህርቷ የተሟላ ሥራ ላስረክብ ብሎ ይሁን የሽማግሌውን ሐዘን በሥራ ሊያስረሳ፣ «ማራገቢያው ኃይል የለውም፤ እሱንም ልይ» ብሎ ጋቢና ገባ። ማራገቢያው ከደከመ ቆይቷል። ጌጁ ራሱ ለሚስቱ ሲያማርር «አርጅቶ ነው፣ እንደ እኛው» እያለች ትስቅ ነበር። ዝምተኛው ጫፉ የታጠፈ ሽቦ ወደ አየር መውጫው ቀዳዳ አስገብቶ ሲጎትት አንድ ለስላሳ ነገር ተከትሎት መጣ። ግራጫ፣ በኪሮሽ የተሠራ፣ ልክ በቀዳዳው ስፋት የተቆረጠ የሚመስል ክዳን። ሁለተኛውን ጎተተ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን።

«ጋሼ!» ብሎ ሳቀ። «መኪናዎን ሹራብ ያለበሳት ማነው?»

ዞር አለ። ሽማግሌው ያንን ግራጫ ድብልብል ከነኪሮሿ በእጁ ይዞ ቆሟል። ዝምተኛው አንዴ ክዳኖቹን፣ አንዴ ድብልብሉን አየ፤ ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደ። ክዳኖቹን በጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ደርድሮ ሰጠው። በሹፌሩ በኩል የነበሩት ሁለቱ በድርብ የተሠሩ፣ ወፍራሞች ናቸው። በወዲያኛው በኩል የነበሩት ስስ ናቸው፤ አንደኛዋ እንዲያውም ግማሽ ላይ ቀርታ ጫፏ ተቋጥሯል።

«ይኼን ዘግታ... ያድናት ነበር?» አለ ጌጁ።

«ትንሽ ይቀንሳል። እግር ሥርና መስታወቱ ሥር ግን ሌላ መውጫ አለ፤ እሱን አላወቀችውም።»

«ሰው ይገድላል?»

ዝምተኛው መሬት መሬት አየ። «እኔ መካኒክ ነኝ ጋሼ» አለ።

ጌጁ ክዳኖቹን በኮቱ ኪስ ከትቶ ታክሲዋን ይዞ ወጣ። ያለው ጊዜ እስከ አሥር ሰዓት ነው፤ ከዚያ በፊት የሚሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ልጁ ጋ። አንድ ሴት ልጅ ብቻ ናት ያለችው፤ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ከቀብር ሲመለሱ ከኋላ ወንበር ሆና ያለችውን ቃል በቃል ያስታውሰዋል። «መኪናህን ነው ስታቀዘቅዝ የኖርከው። ለእሷ መስኮት እንኳ አልከፈትክላትም።» እሱም ከመሪው ሳይዞር፣ «አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?» አላት። እናቷን በቀበረችበት ቀን! ከዚያ ወዲህ ሰላም ይባባላሉ እንጂ አያወሩም። በየቅዳሜው ሸሚዞቹ ታጥበውና ተተኩሰው በጎረቤት እጅ ይመጡለታል፤ እሱም የቆሸሹትን በዚያው እጅ ይልካል። ከሸሚዞቹ ጋር ወረቀት ይኖር ይሆን ብሎ ኪሶቹን መፈተሽ ለምዶ ነበር፤ አንድም ቀን የለም። ዛሬ ሄዶ «ልክ ነበርሽ» ሊላት ነው። እሷ ደግሞ ልክ ከሆነች እሱ ምን እንደሆነ ያውቃል። ይህንን ከአፏ ሰምቶ እንዴት ወደ ቤቱ እንደሚመለስ አላወቀም።

የስፌት ቤቱ ደረጃ ጠባብ ነው፤ ግማሽ ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ። ከላይ የስድስት የስፌት መኪና ድምፅ ይወርዳል። በሩ ላይ ሲደርስ ልጁን ሰማያዊ ጨርቅ ከመርፌው ሥር እየገፋች፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ አያት። አየችውና እግሯ ከመርገጫው ላይ ተነሣ።

«ምነው አባዬ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።» ሌሎቹ ሴቶች ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው መርገጣቸውን ቀጠሉ። ልጁ እጁ ላይ የደረቀውን ደም አይታ ክንዱን ያዘችና ጨርቅ ወደሚቆረጥበት ጠረጴዛ ወሰደችው፤ መስኮቱ ጋ ነው፣ ትንሽ ጸጥ ይላል።

መንገድ ላይ ያሰናዳው ንግግር ነበረው። አንዱም አልመጣለትም። እጁን ኪሱ ከተተና አራቱን ክዳኖች አውጥቶ በኖራ የተሰመረው ሰማያዊ ጨርቅ ላይ አስቀመጣቸው።

ልጁ አልገረማትም። አንዷን አነሣችና በአውራ ጣቷ ዳበሰቻት። «አገኘሃቸው» አለች።

«ታውቂ ነበር?»

«ልኩን የወሰድኩላት እኔ ነኝ። እሑድ አንተ ተኝተህ፣ በዚህ ሜትር።» አንገቷ ላይ ያለውን ነካች። «ግራጫ ይሁን ያለችው እሷ ናት፤ ከመኪናው ጋር እንዲመሳሰልና እንዳታይባት።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እኔማ ልነግርህ ነበር። አስማለችኝ። ‹ሹፌሮቹ መጥተው ሲጠይቁት ፊቱን አይተሽው ታውቂያለሽ?› አለችኝ። ‹ይኼን ያህል ዘመን አብሬው ስኖር ሰው እንዲህ ሰብስቦት አያውቅም። እኔ ተነሥቼ አልቀማውም› አለች።» ልጁ የያዘቻትን ክዳን መልሳ ጨርቁ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ቀጠለች፤ «ተናድጄባት ነበር። በቀብሩ ቀን በአንተ ላይ የተናገርኩትም በእሷ የተናደድኩትን ነው፤ እሷ ግን አልነበረችም።»

«እኔ ነኝ ወይ?» አለ አባቷ። «ንገሪኝ። እኔ ነኝ ወይ ያደረስኳት?»

ስድስተኛው መኪናም መስፋት ጀምሮ ነበር፤ በእጇ ቁልፍ ስትተክል የነበረች አንዲት ሴት የልጁን ሥራ ልትሸፍንላት ተነሥታ ገብታበታለች። ልጁ መልስ ፈልጋ መስኮቱን አየች። ልትዋሽለት ብትችል ደስ ባላት፤ ግን ከእናቷ ያልወረሰችው ይህንን ነው።

«አላውቅም አባዬ» አለች። «ሐኪሙ የቆየ ነው ብሏል። አላውቅም።»

ራሱን ነቀነቀ። ከመጣ ጀምሮ ያልጠየቃት አንድ ነገር ቀርቶት ነበር። ሁለቱን ወፍራሞች ለይቶ ወደ እሷ ገፋቸው። «እነዚህ ለምን ድርብ ሆኑ? የኔ በኩል ናቸው።»

ልጁ ወፍራሞቹን አንዱን በሌላው ላይ አነባበረቻቸው፤ ከዚያም ያቺን ግማሽ ላይ የተቋጠረችውን ስስ ክዳን አንሥታ መዳፏ ውስጥ ጨበጠቻት።

«መጀመሪያ የአንተን ነው የሠራችው» አለች። «‹ከራስሽ ጀምሪ እንጂ፣ የታመምሽው አንቺ› አልኳት። ‹እኔ እኮ ማክሰኞና አርብ ብቻ ነኝ፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ነው የሚቀመጥበት› አለችኝ። የራሷ ላይ ስትደርስ ክሩ እንዳያልቅባት ሳሳች። ይቺን ልትጨርሳት ነበር፤ አልጋ ላይ ዋለች።»

ሽማግሌው ጠረጴዛውን ያዘ። ሰው ፊት አልቅሶ የማያውቅ ሰው ነው፤ በቀብሩም ቀን የጌጇን መርፌ እያየ ነው ነድቶ የተመለሰው። አሁን ግን የሚያየው መርፌ አልነበረም፤ አፉ ተከፍቶ ድምፅ ሳይወጣው ትከሻው ብቻ ይነቃነቅ ጀመር። ልጁ ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ ጣለችና አቀፈችው። ኮቱ ነዳጅና ሱፍ ይሸታል። የሚሰፉት ሴቶች አንድ በአንድ እግራቸውን ከመርገጫው አነሡ።

ሲወጣ ደረጃው ጫፍ ድረስ ሸኘችው። «ይቺን ለእኔ ተዋት» አለችው፣ መዳፏን ከፍታ ስሷን ክዳን እያሳየች። «እሑድ እመጣለሁ። ሸሚዞችህን ራሴ አመጣለሁ።» እሱም «እሺ» አለ። ሌላ ነገር ሊል ፈልጎ ደግሞ «እሺ» አለ።

ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ትልቁን ዳገት ወጣው። መርፌዋ መሀል ላይ ተተክላ ቆማለች። ዳገቱ አለቀ፤ አልተነቃነቀችም። መብራት ይዞት ቆመ፤ አልተነቃነቀችም። ሃያ ዓመት ሲጠብቃት እንደዚህ ረግታ አይቷት አያውቅም። የሚጠብቀው ነገር ሲያጣ ዓይኑ ብቻውን ወደ ቀኝ ሄደና ወንበሩ ላይ አረፈ። ጨርቁ በአንድ ሰው ልክ ሳስቷል፤ የራስ መደገፊያው ላይ ሻሿ የሚነካው ቦታ ትንሽ ነጣ ብሏል። አራት ዓመት ከጎኑ ተቀምጣ ሳለ እንዴት እንደምትቀመጥ፣ እጇን የት እንደምታሳርፍ ሊያስታውስ ሞከረ። አልመጣለትም፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያየው መርፌዋን ነው።

ትምህርት ቤቱ በግራ ነበር። እሱ ሳያውቀው በቀኝ ታጠፈ፤ ልብ ሲል ሆስፒታሉ በር፣ ወረፋው መሀል ነው። ከፊቱ ሰባት መኪና አለ፣ ከኋላውም ገብተውበታል። መውጫ የለውም። ሞተሩን አጠፋው። በበሩ ኪስ እጁን ሰደደና የመስኮቱን ማዞሪያ አወጣ፤ ባዶው ወንበር ላይ አጎንብሶ በወዲያኛው በር ላይ ሰካት። መስኮቱ ዝግ ሆኖ ስለኖረ ተጣብቋል። በአንድ እጁ እያዞረ፣ በቆሰለው መዳፉ መስታወቱን ወደ ታች ገፋው። ግማሽ ላይ እምቢ አለው። እንደገና ገፋው፤ እየጮኸ እስከ መጨረሻው ወረደ።

ነፋስ ገባ። የራስ መደገፊያው ላይ ቀርቶ የነበረ አንድ ግራጫ ክር ተነሥቶ ተርገበገበ። ወረፋው ተንቀሳቅሶ ከፊቱ ሰፊ ቦታ ተከፍቷል፤ ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ። ደግሞ ነፋ። ጌጁ እንዳጎነበሰ እጁን በከፈተው መስኮት አውጥቶ ለኋለኛው ሰው ምልክት አሳየ።

«አንዴ ጠብቀኝ ወንድሜ» አለ። «ገና አሁን መክፈቴ ነው።»